ከአንድ ግዙፍ የህትመት ፋይል የየደንበኛውን ገጽ እንዴት ልለይ?

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ወርኃዊ የክፍያ ማስታወቂያ በሚያትም ማተሚያ ቤት ነው። የሺህዎች ደንበኞች ማስታወቂያ በአንድ የፒሲኤል (PCL፣ ገጹ እንዴት እንደሚታተም ለፕሪንተር የሚነግር ቋንቋ) ፋይል ታጭቆ ይመጣል፤ በደንበኛ ቁጥር ከፋፍዬ በየቀበሌው መደርደር አለብኝ። የገጹ ብዛት ከደንበኛ ደንበኛ ስለሚለያይ በገጽ ቁጥር መቁረጥ አይሆንም።

በጎስትፒሲኤል (GhostPCL፣ የፒሲኤል ፋይል በሚቀይር ፕሮግራም) ወደ ፒዲኤፍ ስቀይረው ገጹ ለዓይን እንከን የለውም። ጽሑፉን ላውጣ ስል ግን ስሙም ቁጥሩም የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ተጭኖ የሚመጣ፣ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) ጋር የማይዛመድ ይመስለኛል። ፋይሉን የሚልኩልን ሰዎች «ይታተም የለም እንዴ?» ብለው ዘግተውታል። ገጹን እንደ ምስል የሚያነብ ፕሮግራምም ሞከርኩ፤ በዚህ ብዛት ሲያዘግም ያመሻል፣ «ለ»ንም ከ«ሰ» ያምታታል።

የፊደሉን ኮድ ከዩኒኮድ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ የሚቀበል፣ ከዚያም በደንበኛ ቁጥር የሚከፍል መሣሪያ የምታውቁ አላችሁ? ነፃ ቢሆን ይመረጣል፤ በዶላር የሚከፈልበትን አለቃዬ አይሰማኝም።