ፕሪንት ለሚዘገይባችሁ ቢሮዎች፦ አዲስ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ጓደኛዬ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደወለችልኝ። «ፕሪንት ካዘዝኩ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ። አዲስ ማሽን ልናስገዛ ነው፤ የቱን ትመክረኛለህ?» አለችኝ። ጭንቀቷ ገብቶኛል። የበጀት መዝጊያ ነው፣ ሰኔ 30 ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ለእሷ የነገርኳትን እዚህ ላስፍረው፤ ችግሩ የብዙ ቢሮ ነው።

ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። አንድ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር በደቂቃ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ገጽ ያወጣል። 10 ደቂቃ ካስጠበቀ ብዙ ጊዜ ሥራው መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የት እንደቆመ ለማወቅ ትእዛዙን ላኩና በኮምፒውተሩ ላይ የፕሪንተሩን ወረፋ ክፈቱ። ፋይሉ እዚያው ከተቀመጠ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ወይም የመስመሩ ነው። ከወረፋው ወጥቶ ማሽኑ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ከቆየ ግን ፋይሉ ከብዶታል። በስካን የተሠራ ባለ ብዙ ገጽ ፒዲኤፍ እንዲህ ያደርጋል። ስካን ስታደርጉ ጥራቱን ወደ 200 ወይም 300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) አውርዱት፤ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ይበቃል።

እኛ ጋ ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ለማሽኖቹም ሌላ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ ሊያድል ይችላል። ትናንት የአድራሻው መጨረሻ 15 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 22 ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም 15ን ያንኳኳሉ። ሠራተኛው «እምቢ አለ» ብሎ አምስት ጊዜ ያዛል፣ ወረፋው ይቆለላል። መፍትሔው ለፕሪንተሩ ቋሚ አይፒ መስጠት ነው። ከዚያ በየኮምፒውተሩ ላይ «ስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ ፖርት» በሚለው ምርጫ፣ ማለትም በዚያ ቋሚ አድራሻ በሚያገናኘው መንገድ፣ ፕሪንተሩን እንደገና ማስገባት። ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ሲያስገባው ደብሊውኤስዲ በሚባለው ፖርት ሊያገናኘው ይችላል፤ እሱ አንዳንዴ ማሽኑ በርቶ እያለ «ኦፍላይን» ይላል። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የሚገዛ ዕቃ የለም።

የተቆለለውን ወረፋ ለማጽዳት የዊንዶውስን ወረፋ የሚያስተዳድረውን «ፕሪንት ስፑለር» የሚባል ሰርቪስ አስቁሙት፣ ወረፋው በሚቀመጥበት ስፑል ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ፣ መልሳችሁ አስነሡት። በዚያ ኮምፒውተር በኩል ያዘዘ ሰው ሁሉ ትእዛዙ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ንገሩ።

እኔ የምሠራበት ቢሮ ይህን ሳናውቅ አዲስ ማሽን ገዝተን ነበር። መዘግየቱ እንዳለ ቀጠለ። ለካ ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ከእንግዳ መቀበያዋ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ነው ሁላችንም የምንጋራው። እሷ ለምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ የሁላችንም ሥራ አብሮት ይተኛል። የወጣውን ገንዘብ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

የግድ የምትገዙ ከሆነ ከሞዴሉ ቁጥር ኋላ ያሉትን ፊደላት እዩ። ኤችፒ ሌዘርጄት ላይ «ኤን» የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ፣ «ዲ» በወረቀቱ ፊትና ጀርባ በራሱ ማተም፣ «ደብሊው» ዋይፋይ ነው። ሰው ለሚበዛበት ቢሮ «ዲኤን» የሚለውን እመርጣለሁ። ኬብል በግድግዳ ብዛት አይደክምም። ብዙ ለሚያትም ክፍል ኪዮሴራ ኢኮሲስ ጥሩ ነው፤ ድረሙ (ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) ረጅም ዕድሜ አለው፣ በየጊዜው የሚቀየረው ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) ብቻ ነው። ኤፕሰን ኤል 3250 ቀለሙ በጠርሙስ ስለሚሞላ ወጪው ያንሳል። ለሁለት ለሦስት ሰው እመክረዋለሁ። ለ20 ሰው ግን አይሆንም፤ የኬብል መሰኪያም የለውም።

ከማሽን በፊት ግን ለራውተሩና የኔትወርክ ኬብሎቹን ለሚያገናኘው ስዊች አነስ ያለች ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምትይዝ) ግዙ። ሌዘር ፕሪንተሩን እዚያ ላይ አትሰኩ። ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ሊጎዳው ይችላል።

ባለሙያ ስትጠሩም ለዩ። ቶነር የሚሞሉና ሮለር የሚቀይሩ የጥገና ሱቆች ለወረቀት መንከስና ለደበዘዘ ጽሑፍ ጥሩ ናቸው። ለመዘግየት ግን የኔትወርክ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። በስልክ ችግሩን ንገሩት። «ማሽኑን አምጡት» ካለ ለዚህ ሥራ አይሆንም። «በኬብል ነው በዋይፋይ? ሁሉም ሰው ላይ ነው አንድ ሰው ላይ?» ብሎ ከጠየቀ ይምጣ። የዓመት ኮንትራት ከ10 በላይ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ያዋጣል፤ ውሉ ላይ ግን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ ይጻፍ። ከዚያ ያነሰ ቢሮ በጥሪ ቢያሠራ ይበቃዋል።

ሠርቶ ሲጨርስ አይፒውን በወረቀት አጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት። ጓደኛዬ ቢሮ አሁን ተለጥፏል፤ የግዢ ጥያቄውንም መልሳ ወስዳዋለች።