ከእጅ አንጓ ቀዶ ጥገና በኋላ እብጠቱ እንዴት ይቀንስ?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦ እናቴ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ብረት ከገባላት 3ኛ ቀኗ ነው። ጣቶቿ አብጠዋል፤ እጇን ቀኑን ሙሉ በአንገቷ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ነገ በታክሲ ወደ ቀጠሮ እንሄዳለን። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ አይዞሽ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይብሳል። ማንጠልጠያው ግን እጁን ከልብ በታች ስለሚያውለው ፈሳሹ ጣቶቿ ላይ ይጠራቀማል፤ ትከሻዋም ይደርቃል። ስትቀመጥም ስትተኛም ክንዷን በ2 ትራስ ደግፉት፤ እጅ ከክርን፣ ክርን ከልብ ከፍ ይበል። ታክሲ ውስጥ መዳፏን በሌላኛው ትከሻዋ ላይ ታሳርፍ። ቀለበት ካለ ዛሬውኑ ይውለቅ።

መልስ 2፦ ከፍ ማድረጉ ብቻውን አይበቃም። ሐኪሟ ካልከለከለ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ጣቶቿን እስከ መጨረሻው ትጨብጥ፣ ትዘርጋ። ጫፉን ብቻ ማወዛወዝ ዋጋ የለውም፤ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የጡንቻው መኮማተር ነው። በረዶ በፎጣ ተጠቅልሎ 15 ደቂቃ፤ ፋሻው እንዳይረጥብ ፌስታል ጣል አድርጉበት። ወጌሻ ግን እንዳይነካት!

መልስ 3፦ ጣቶቿ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ሲዘረጉላትም ሕመሙ ከበረታ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል። ጀሶው አጥብቆ ይሆናል። ራሳችሁ አትቁረጡት።

ጠያቂ፦ ቀለበቱ በሳሙናም አልወጣም።

መልስ 1፦ አትታገሉት፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል በመቁረጫ ይቁረጡላት። ወርቁ በኋላ ይበየዳል።