ክርክር፦ ስማርት ሰዓት ወይስ ትራከር?

አስተባባሪ፦ ጥያቄው የመጣው ከአንዲት አባላችን ነው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያውላታል። በቅርቡ የእግር ጉዞ ጀምራለች። እንቅልፏንም ማስተካከል ትፈልጋለች። የምትገዛው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ጥሪ የሚቀበል፣ መልእክት የሚያሳይ፣ አፕ የሚጫንበት ስማርት ሰዓት ይሁን? ወይስ እርምጃ፣ የልብ ምትና እንቅልፍ መመዝገብ ዋና ሥራው የሆነ ቀጭን ትራከር? ምክንያት ያለው ይናገር። «የእኔ ምርጥ ነው» ብሎ መሄድ የለም። ዓመት የምትጠቅሱ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጉት፣ እንዳንምታታ።

ቀላሉ፦ ትራከር። አለቀ። እንቅልፏን ማወቅ ለምትፈልግ ሰው ማታ ማታ ቻርጅ ላይ የሚያድር ዕቃ ምን ይሠራላታል? አፕል ራሱ ለመደበኛ ሰዓቶቹ ለዓመታት ሲናገር የኖረው የባትሪ ቆይታ 18 ሰዓት ነው። በቅርቦቹ ወደ 24 ከፍ አድርጎታል። ብዙ ትራከሮች ሳምንት ይሄዳሉ፣ ሁለት ሳምንት የሚዘልቁም አሉ። ስማርት ሰዓት ትንሽዬ ኮምፒውተር ነው፤ ደማቅ ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ ባትሪውን ሲበሉት ይውላሉ።

ሯጩ፦ ቆይ፣ ቆይ። ስማርት ሰዓት ሁሉ በአንድ ቀን ያልቃል ያለህ ማነው? ለስፖርት ተብለው የተሠሩትን እያቸው፣ ጋርሚንን የመሳሰሉትን። ባትሪያቸው ለቀናት ይቆያል፣ ጂፒኤሳቸውም የራሳቸው ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ትራከሮች ግን የስልክን ጂፒኤስ ነው የሚዋሱት። ስልክህን ቤት ትተህ ከወጣህ ርቀቱን ከእጅህ ውዝዋዜና ከእርምጃህ ይገምቱታል። እኔ ለውድድር የምዘጋጅ ሰው በግምት አልሮጥም።

ጠያቂዋ፦ እኔ እኮ አልሮጥም። ስልኬንም ይዤ ነው የምራመደው።

ሯጩ፦ እንግዲያው ጂፒኤሱን ተይው። ግን ዛሬ የሚራመድ ነገ ይሮጣል።

ቀላሉ፦ ነገ የሚያስፈልገው ነገ ይገዛል።

ነርሷ፦ ባትሪ ባትሪ ስትሉ ዋናው ነገር ተዘለለ። ውድ ሰዓትም ሆነ ርካሽ ትራከር የልብ ምት የሚለኩት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ይበራል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ሥር ያለው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሴንሰሩ ያንን ውጣ ውረድ ይቆጥራል። ዕቃው ከላላ ይሳሳታል። እጅ በኃይል ሲወዛወዝ ይሳሳታል። ብርድ የደም ሥሮችን ሲያጠብም፣ ንቅሳት ብርሃኑን ሲጋርደውም እንዲሁ። የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚያነበው ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሯጩ ይህን ያውቃል።

በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መለኪያዎችን 60 ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። በልብ ምት በኩል 6ቱ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ሆነ። ጥሩ ነው። ካሎሪ ላይ ሲመጡ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው 93 በመቶ! ስለዚህ እህቴ፣ የትኛውንም ግዢ፣ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሻል» የሚለውን እንዳላየሽ እለፊው። እሱን አምኖ «እንግዲህ ይህን ብበላ ምን አለበት» የሚል ሰው ኪሎ ሲጨምር ግራ ይገባዋል።

ቀላሉ፦ እንግዲያው የሚለኩት አንድ ዓይነት ከሆነ ርካሹን መግዛት ነዋ። ለእኔ ነው የተከራከርሽልኝ!

ነርሷ፦ አልጨረስኩም። አንድ ዓይነት ያልኩት የልብ ምቱን ነው። ኢሲጂ ሌላ ነገር ነው። አፕል በ2018 ያወጣው ሰዓት ጣት ሲነካው የልብን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል፣ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤም ፈቅዶለታል። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል፣ ጥቂት ትራከሮች ጭምር። ርካሾቹ ላይ ግን አታገኚውም። የልብ ምት መዛባት በቤተሰብ ያለበት ሰው ይህን ያስብበት።

የእናቱ ልጅ፦ እኔ ስማርት ሰዓት የገዛሁት ለራሴ አይደለም፣ ብቻዋን ለምትኖር እናቴ ነው። ሰው ሲወድቅ የሚያውቁ ሰዓቶች አሉ። ክፉኛ ከወደቀች በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰች ራሱ ለእርዳታ ይደውላል። ትራከሯ ይህን ታደርጋለች? የእናቴ እርምጃ 3,000 ይሁን 4,000 ግድ የለኝም። እኔ የምፈልገው ማታ ተኝቼ ማደር ነው።

ቀላሉ፦ ለእናትህ ልክ ነህ። አልከራከርህም።

ነርሷ፦ እኔም እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሰዓቱ የልብ ድካምን አያውቅም። ሥራው ምቱ ሲዛባ መጠቆም ነው። አፕል ከስታንፎርድ ጋር ባደረገው ትልቅ ጥናት ከ419 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል፣ ውጤቱ በ2019 ታትሟል። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ደረታቸው ላይ መለኪያ ለጥፈው መረጃ ከመለሱት መካከል ጥናቱ የፈለገው የምት መዛባት (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን) የተገኘው 34 በመቶው ላይ ነው። ችግሩ መጣ ሄድ የሚል ስለሆነ የቀሩት ሁሉ በከንቱ ደነገጡ ማለት አይደለም። ግን እናትህ ደረቷን ከጨነቃት ሰዓቱ ዝም ስላለ ቤት መቀመጥ የለባትም።

ጠርጣራው፦ ሁላችሁም የቱ ይሻላል ትላላችሁ። ለምን ይገዛል የሚል የለም? በ2016 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ክብደት መቀነስ የፈለጉ 471 ወጣቶች ለ2 ዓመት ተሳተፉበት። ከ6 ወር በኋላ ለግማሾቹ እንቅስቃሴ የሚለካ ዕቃ ተሰጣቸው። የቀሩት ራሳቸው እየመዘገቡ ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ዕቃ ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ቀነሱ። ያላሰሩት 5.9! ገንዘቡን ለደህና ጫማ ታውለው።

ሯጩ፦ ያ ዕቃ ክንድ ላይ የሚታሰር የድሮ ነገር ነው፣ ሰዎቹም የተመለመሉት ከ2010 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ነው። የተለካውም ኪሎ ነው። እሷ መቼ ኪሎ አለች?

ጠርጣራው፦ የድሮ ቢሆንም የሰው ጠባይ አልተቀየረም። ዕቃው «ጎበዝ፣ ዛሬ ሞላ» ሲለው ሰው ራሱን ይሸልማል።

ጠያቂዋ፦ 10,000 እርምጃ ግን የግድ ነው? ጓደኛዬ 9,000 ላይ ስትደርስ ሳሎን ውስጥ እየዞረች ትሞላዋለች።

ነርሷ፦ ቁጥሩ የሐኪም ትእዛዝ አይደለም። በ1965 ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ ከስሙ ጋር የመጣ ነው። ክብ ቁጥር ስለሆነ ሰው ወደደው። በ2019 የታተመ ጥናት በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸውን ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ተመልክቶ ነበር። በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። ጥቅሙ እስከ 7,500 አካባቢ ጨምሮ ከዚያ በኋላ ባለበት ቆመ። ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ ሳሎኗን ትተወው።

ኮድ ጸሐፊዋ፦ እስካሁን ማንም ያላነሳው የመረጃ ነገር አለ። የልብ ምትሽ፣ የተኛሽበት ሰዓት፣ የሄድሽበት መንገድ አንድ ኩባንያ ጋ ይቀመጣል። ሰዎች የሮጡበትን መንገድ የሚመዘግበው አፕ ስትራቫ የለቀቀው ካርታ በ2018 መጀመሪያ ላይ ምን ጉድ እንዳፈላ ታስታውሳላችሁ። ጭር ባለ በረሃ ላይ ደማቅ መስመሮች ታዩ። ወታደሮች ሰፈራቸውን እየዞሩ የሮጡበት ነበር! በዚያው ዓመት ፔንታገን በግዳጅ ቀጠና ያሉ ወታደሮች ጂፒኤስ ያለው ዕቃ እንዳይጠቀሙ ከለከለ። ትራከር ሠሪውን ፊትቢትን ደግሞ ጎግል ገዛው። ግዢው የተጠናቀቀው በ2021 ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የፈቀደው የአውሮፓ ተጠቃሚዎች የጤና መረጃ ለ10 ዓመት ለማስታወቂያ እንዳይውል አስምሎ ነው። ከአውሮፓ ውጭ ያለሽ ሰው ያ ገደብ አይጠብቅሽም።

ሌላው፣ ኩባንያው ይቆያል ወይ? ስማርት ሰዓት ሠሪው ፔብል በ2016 ተዘጋ። ትራከር ይሠራ የነበረው ጆውቦን በ2017 ፈረሰ። ዕቃው እጅ ላይ ቢቀርም አፑ ከሌለ ጌጥ ነው። ዉፕ የሚባለው ስክሪን የሌለው ትራከር ደግሞ ያለ ክፍያ ውል አይሠራም። መክፈል ካቆምሽ ያሰርሽው ጨርቅ ነው። ዋጋ ስታወዳድሪ የዕቃውን ብቻ አትይ።

ቀላሉ፦ የስልኩንም ነገር ጨምሪላት። አፕል ሰዓት ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም። ገዝቶ መጥቶ «አልገናኝ አለኝ» የሚል ሰው ስንት አይቻለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ከመሃል ገባሁ። ደም ሳይነካ ስኳር የሚለካ ርካሽ ሰዓት ማስታወቂያ አየሁ። ከሁለቱም እሱ አይሻልም? አባቴ ስኳር አለበት።

ነርሷ፦ እንዳትገዛ! ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 በግልጽ አስጠንቅቋል። ቆዳ ሳይበሳ ስኳር በራሱ የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አልፈቀደም። አባትህ በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን ከወሰደ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ክንድ ላይ የሚለጠፈውና ቀጭን መርፌ ያለው ሴንሰር ሌላ ነው። የእሱን ቁጥር ሰዓት ቢያሳየው ችግር የለም።

ስለ ኦክስጅንም ልናገር፣ ብዙ ሰው ያንን አይቶ ይደነግጣል። ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ እንኳ በጠቆረ ቆዳ ላይ ይሳሳታል። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጅን እጥረቱ ሳይታይ የማለፉ ነገር ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የሆስፒታሉ ዕቃ እንዲህ ከሆነ የእጅ አንጓው ላይ ያለውን እንደ ፍርድ አትውሰዱት።

ጠርጣራው፦ እኮ! ካሎሪው ግምት፣ ኦክስጅኑ ግምት፣ 10,000ው የሻጭ ቁጥር። እንቅልፉስ?

ነርሷ፦ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛሽ በደህና ይገምታል። «ጥልቅ እንቅልፍ ይህን ያህል፣ ሕልም ይህን ያህል» የሚለው ግን ከእንቅስቃሴና ከልብ ምት የተሰላ ነው። ትክክለኛው ምርመራ የአንጎል ሞገድ ያያል። በ2017 ሐኪሞች አዲስ ዓይነት ታካሚ መጣብን ብለው ጽፈዋል፣ የመለኪያው ቁጥር ዝቅ አለ ብሎ የሚጨነቅና በጭንቀቱ እንቅልፍ የሚያጣ። አንዳንዶቹ የላብራቶሪውን ውጤት ትተው የእጃቸውን ቁጥር ነው ያመኑት። ጠዋት ሳትደክሚ ከተነሳሽ ተኝተሻል፣ ነጥቡ ምንም ይበል።

ቀላሉ፦ ለዚህም ነው ስማርት ሰዓት አትግዢ የምለው። እንቅልፏን ልታስተካክል ነው የመጣችው፤ ስማርት ሰዓት ግን ኢሜይሉን፣ ግሩፑን፣ ዜናውን ሁሉ እጇ ላይ ያመጣዋል። እራት ላይ ቁጭ ብሎ በየደቂቃው አንጓውን የሚያይ ሰው አይታችሁ አታውቁም? ሲያነጋግሩት የቸኮለ ነው የሚመስለው።

ሯጩ፦ ኖቲፊኬሽኑ ይጠፋል እኮ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጠርጣራው፦ የምታጠፊውን ነገር ከፍለሽ ልትገዢ?

ሯጩ፦ ሁሉንም ማን አጥፋ አለ? የልጇን ትምህርት ቤት ጥሪ እንደበራ ትተዋለች፣ ሌላውን ታጠፋለች። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ የምውለው ሰዓቱ አስፈላጊውን ስለሚነግረኝ ነው። እንዲያውም ስልክ ማየት ቀንሻለሁ። ትራከሮችም ቢሆን መልእክት ያሳያሉ፣ ንጹሕ አታድርጓቸው።

ቀላሉ፦ ያሳያሉ፣ ግን ብዙዎቹ ላይ መልስ መጻፍ አይቻልም። ያ ነው የሚያድንሽ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኬ አንድሮይድ ስለሆነ አፕል ወጥቷል። ወደ ትራከር አድልቻለሁ፣ ግን ከባትሪው በላይ ያሳመነኝ መልስ የማይጻፍበት መሆኑ ነው። እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ መጻፍ ከቻልኩ እጽፋለሁ። ካሎሪውን ከገጹ ላይ አነሳዋለሁ። የእንቅልፍ ነጥቡንም ጠዋት ሳይሆን በሳምንት አንዴ ነው የማየው።

ጠርጣራው፦ ጫማውንስ?

ጠያቂዋ፦ ጫማ አለኝ ወንድሜ።

የእናቱ ልጅ፦ ለእናትሽ ሲሆን ግን ሰዓት ነው፣ ያንን እንዳትረሺ።

ነርሷ፦ ስትገዢው ከአንጓሽ አጥንት ከፍ አድርገሽ እሰሪው። ስትራመጂ ጠበቅ፣ ስትተኚ ላላ ይበል። ስትታጠቢ አውልቂው፣ ሳሙና ከሥሩ ከቀረ ቆዳሽን ያሳክክሻል።