ኤክሴል «የዕድር መዝገብ» ነው ወይስ አይደለም? (የካ አባዶ፣ የነዋሪዎች ግሩፕ)

ሰሊ ብሎክ 31፦ ትናንት እሁድ ስብሰባ ላይ ዝም ያልኩት ሰው ስለበዛ ነው እንጂ አንጀቴ አርሮ ነው የወጣሁት። የውሃውን ሪፖርት (ለየብሎኩ መቼ እንደመጣ መቼ እንደጠፋ) ከግንቦት ጀምሮ በየቀኑ እየመዘገብኩ በኤክሴል የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ ልጅ አስተኝቼ። ናቲ ተነስቶ «ኤክሴል የዕድር መዝገብ ነው፣ ፓወር ቢአይ (ያ የማይክሮሶፍት የግራፍ ፕሮግራም) ያልሆነ ሪፖርት በዚህ ዘመን ሪፖርት አይባልም፣ ከማህበሩ ካዝና ለ5 ሰው እንግዛ» አለና ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨባችሁ ለምን እንዳጨበጨባችሁ እዚህ ንገሩኝ።

ናቲ ብሎክ 12፦ ሰሊ አንቺን ለመንካት አይደለም፣ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን ፋይሉ 8 ሺ ረድፍ አልፏል፣ 4 ሰው ጋር 4 ዓይነት ኮፒ አለ፣ ኮሚቴው የትኛውን ይዞ አቤት እንደሚል አያውቅም። ፓወር ቢአይ ላይ አንዴ ካገናኘሽው ሪፍሬሽ ማለት ብቻ ነው የሚቀርሽ። ብሎክ 31ን ስትነኪ ሁሉም ግራፍ የ31 ብቻ ይሆናል። ይሄን በኤክሴል ለመሥራት ስንት ማታ ይፈጅብሻል?

ሰሊ ብሎክ 31፦ ፒቮት (ቁጥር ጠቅልሎ የሚያሳየው ሰንጠረዥ) እና ስላይሰር (ነክተህ የምትመርጥበት ቁልፍ) ኤክሴል ውስጥም አለ። አንተ ያላወቅከውን የለም አትበል።

ጋሽ ፀሐፊ፦ ልጆች፣ እኔ ስለ ኮምፒውተሩ አልገባም። ግን «የዕድር መዝገብ» የሚለው ለስድብ መዋሉ አሳዝኖኛል። ከ20 ዓመት በላይ የዕድር ፀሐፊ ነኝ፣ መጀመሪያ በድሮው ሰፈራችን አሁን ደግሞ እዚህ፣ በእኔ መዝገብ የከፈለ ሰው ያልከፈለ ተብሎ አያውቅም፣ የሞተም ሳይቀበር አልቀረም። ስድብ ከሆነ በምን በኩል እንደሆነ አስረዳኝ ናቲ።

ናቲ ብሎክ 12፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎን አላሰብኩም። የእርስዎ መዝገብ ሰው አይጥልም፣ ኤክሴል ግን ይጥላል። በፈረንጅ 2020 እንግሊዝ አገር 15,841 የኮሮና ታማሚ ከቁጥር ወጥቶ ነበር፣ ምክንያቱ የድሮው ኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ የተረፈው ዝም ብሎ ተቆርጦ ስለቀረ ነው። የእነዚያ ሰዎች ንክኪዎች በጊዜው ሳይፈለጉ ቀሩ። እኔ የምፈራው ይሄንን ነው።

ሰሊ ብሎክ 31፦ እሱ የድሮው ፎርማት ነው! የአሁኑ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። የኛ 8 ሺ ነው፣ በዚህ አካሄዳችን ለመሙላት ስንት ዘመን ውሃ መጠበቅ እንዳለብን አስላው። ሰው ስታስፈራራ ሙሉውን ተናገር።

የብሎክ 47 እናት፦ እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ግራፍ አይቼ ከብሎክ 31 ሴቶች ጋር ተጣልቻለሁ። የነሱ ባር የኛን ሁለት እጥፍ ከምናምን ይሆናል፣ ውሃችንን እየሳባችሁ ነው አልኳቸው። ቤት ገብቼ ልጄ ቁጥሩን ሲያነብልኝ እነሱ በሳምንት 27 ሰዓት፣ እኛ 24 ሰዓት። 3 ሰዓት! ለ3 ሰዓት ነው ጎረቤት ያስቀየማችሁኝ? ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ያላችሁት ፎቶ ኮፒ ሲሆን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፣ የቱ የነሐሴ የቱ የመስከረም እንደሆነ ማን ይለየው?

ፓይተን ልጅ፦ እናቴ ትክክል ኖት። ፎቶውን አየሁት፣ መስመሩ ከ0 አይደለም የሚጀምረው፣ ከ22 ነው። ስለዚህ 24ቱ 2 ብቻ ሆኖ ይታያል፣ 27ቱ 5። ባር ግራፍ ላይ ሰው የሚያየው ርዝመት ነው፣ ታቹን ከቆረጥክ ርዝመቱ ውሸት ይሆናል።

ሰሊ ብሎክ 31፦ እኔ አልቆረጥኩም!!! በልጄ እምላለሁ 22 የሚል አልጻፍኩም።

ናቲ ብሎክ 12፦ አልቆረጥሽም፣ ራሱ ኤክሴል ነው የቆረጠው። በትልቁና በትንሹ ቁጥር መሃል ያለው ልዩነት ከትልቁ 16.67 በመቶ ካልበለጠ መስመሩን በራሱ ጊዜ ከ0 ያነሳዋል። የ3 ሰዓቱ ልዩነት 11 በመቶ ነው፣ ስለዚህ ቆረጠው። ፓወር ቢአይ ባርን ሲጀምር ከ0 ነው የሚጀምረው። እኔ ስጮህ የነበረው ለዚህ ነው፣ ባለሙያ ሳይቀር የሚሸወድበት መሳሪያ ለኮሚቴ አይሆንም።

ሰሊ ብሎክ 31፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ብሎክ 47 እናቶችን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ዛሬውኑ 0 ብዬ እለጥፋለሁ። ግን አክሲሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ሚኒመም 0 ለማለት 5 ላይሰንስ አያስፈልግም።

አካውንታንቷ ብሎክ 19፦ የገንዘቡን ነገር ማንም አላነሳውም። ፕሮ የሚባለው የፓወር ቢአይ ላይሰንስ በሰው በወር 14 ዶላር ነው፣ በ5 ሰው 70፣ በዓመት 840 ዶላር። ካዝናችን ብር ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማን ስም ላይ ይወጣል? ደግሞ ለመመዝገብ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ይጠይቃል፣ በጂሜል አይገባም። ማህበራችን የራሱ ኢሜይል አለው? ለዘበኛው ቤት ቆርቆሮ መግዣ አጥተን ነው የከረምነው።

ናቲ ብሎክ 12፦ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ እኮ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሠርቶ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ መላክ ይቻላል።

አካውንታንቷ ብሎክ 19፦ እና ትናንት «እንግዛ» ያልከው ምንድን ነው?

ናቲ ብሎክ 12፦ ኮሚቴው እየነካካ እንዲያየው ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ አይነካም። ነክቶ ለማየት የላከውም ያየውም ፕሮ ያስፈልጋቸዋል።

ብሎክ 8 ሹፌር፦ ጣብሎ የሚባል ሌላ የግራፍ ፕሮግራም ነጻው አለ አይደል፣ የወንድሜ ልጅ በሱ ይሠራል፣ በጣም ያምራል።

አካውንታንቷ ብሎክ 19፦ ጣብሎ ፐብሊክ ነጻ ነው፣ ግን ድረ ገጹ ላይ የጫንከውን ዓለም ሁሉ ያየዋል። ፋይላችን ውስጥ የየብሎኩ ተጠሪ ስልክ አለ፣ ማን ቤት ማን እንደሌለ የሚያሳይ አለ። እኔ አልስማማም። በጣም ያምራል ብሎ ነገር የለም።

ጤና ጣቢያ፦ እኔ በሥራዬ የምጠቀመው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን የጤና መረጃ ፕሮግራም ነው፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያሠራው፣ ነጻ ነው፣ ጤና ሚኒስቴርም የሚሠራበት ነው። ለውሃ ሪፖርት አምጡት አልልም፣ ሰርቨር ይፈልጋል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፣ ሴቲንጉ ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ይመረጣል። ይሄን ጉዳይ እናንተ ጭራሽ ረስታችሁታል። የናቲን የፓወር ቢአይ ናሙና አይቼዋለሁ፣ ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው። «ሴፕቴምበር» ያለው ባር ውስጥ የነሐሴ መጨረሻ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ የመስከረም 20 ቀን ተደባልቋል። ውሃው በጣም የጠፋብን ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ መስከረም ላይ ተሻሽሎ ነበር። ሲደባለቅ ሁለቱም አይታይም።

የብሎክ 47 እናት፦ እንዴ! ነሐሴ መጨረሻ ላይ እኮ ጀሪካን ይዘን ጣፎ ድረስ ነው የሄድነው። እሱ ግራፉ ላይ የለም ማለት ነው?

ናቲ ብሎክ 12፦ የራሴን የቀን ሰንጠረዥ ሠርቼ የኢትዮጵያን ወር አስገባበታለሁ፣ ይቻላል። ናሙና ነበር።

ጤና ጣቢያ፦ ይቻላል፣ ግን አላደረግከውም፣ ሰው ደግሞ አጨበጨበ። የሰሊም ችግር አለው። የሷ ጳጉሜን እንደ አንድ ሙሉ ወር ነው የቆጠራት። ነሐሴ 30 ቀን ውስጥ 9 ቀን ውሃ መጣ፣ ጳጉሜ 5 ቀን ውስጥ 2 ቀን። ባሩ ላይ 9 እና 2 ሲታይ ጳጉሜ ውሃ የሞተ ይመስላል፣ ኮሚቴውም በደብዳቤው «በተለይ ጳጉሜ» ብሎ ጻፈ። በመቶ ስታሰሉት ነሐሴ 30 ነው፣ ጳጉሜ 40። ጳጉሜ እንዲያውም ተሽሎን ነበር። የውሃው ቢሮ ደብዳቤውን አንብቦ ቢስቅብን ይፈረዳል?

ሰሊ ብሎክ 31፦ ኤክሴል ወሮቻችንን አያውቅም፣ እንደ ጽሑፍ ነው የምጽፋቸው። ፒቮት ላይ በፊደል ተራ ደርድሮ ህዳርን ቀድሞ ያመጣዋል፣ 13ቱን ወር በእጄ ከስተም ሊስት (የራስ ተራ የሚጻፍበት ዝርዝር) ውስጥ አስገብቼ ነው ያስተካከልኩት። በመቶ ማድረጉን ግን አላሰብኩትም። እውነት ነው።

ፓይተን ልጅ፦ እኔ በማትፕሎትሊብ (በፓይተን ኮድ ግራፍ የሚሠራበት) ልሥራላችሁ፣ በነጻ። ለያንዳንዱ ብሎክ ትናንሽ ግራፍ ጎን ለጎን፣ ሁሉም ከ0፣ በጥቁርና ነጭ የሚነበብ፣ ጳጉሜ በመቶ።

ናቲ ብሎክ 12፦ ያንተን ባለፈው አይተነዋል፣ ርዕሱ በሙሉ ካሬ ካሬ ሳጥን ነበር።

ፓይተን ልጅ፦ አብሮት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጭኜ በአንድ መስመር ኮድ አስተካክዬዋለሁ።

ሰሊ ብሎክ 31፦ አንተ ዩኒቨርሲቲ ተመድበህ ብትሄድ ኮድህን ማን ይከፍተዋል? የኔን ፋይል ቢያንስ አካውንታንቷ ትከፍተዋለች፣ የጋሽ ፀሐፊ ልጅ ይከፍተዋል። እኔ ለኤክሴል የምቆመው ለዚህ ነው፣ ስታመም ሌላ ሰው ይዞት እንዲቀጥል።

ጋሽ ፀሐፊ፦ የዕድር መዝገብ ማለት እኮ ይኼ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ተቀብሎ የሚጽፍበት።

ናቲ ብሎክ 12፦ ጋሼ ቃሉን በእርስዎ ፊት አነሳለሁ። በኤክሴል ላይ ያልኩትን ግን አላነሳም። ዛሬ የታየው ስህተት በሙሉ በእጅ ከመሥራት የመጣ ነው።

ጤና ጣቢያ፦ ሴፕቴምበርህም በእጅ ከመሥራት ነው የመጣው?

ናቲ ብሎክ 12፦ እሱን አስተካክላለሁ አልኩ እኮ። ሰሊ ፋይሉን ላኪልኝ፣ እስከ ሐሙስ ሠርቼ አሳያችኋለሁ፣ ያለ ምንም ክፍያ።

ሰሊ ብሎክ 31፦ ስልክ ያለበትን ዓምድ አጥፍቼ ነው የምሰጥህ። ኮሚቴው የጻፈው ደብዳቤ ይታረም የሚለውን ግን አንተ ነህ እሁድ ተነስተህ የምትናገረው፣ በዚያው ማይክ።

አካውንታንቷ ብሎክ 19፦ 840 ዶላሩስ? ከአጀንዳው ወጣ ወይስ አልወጣም?

ናቲ ብሎክ 12፦ ሐሙስ ካያችሁት በኋላ እንነጋገር።

አካውንታንቷ ብሎክ 19፦ አልወጣም ማለት ነው።