የማይቀየርን ነገር መቀበል በተግባር እንዴት ነው?

ማለዳ_19 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማይድን ሕመም የያዘው፣ የሚወደውን ሰው በሞት ያጣ፣ ዕድሜው ገፍቶ ያሰበው ሳይሳካ የቀረበት ሰው ሁሌ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ተቀበለው፣ ያኔ ታርፋለህ»። እንዴት እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። ጠዋት ጠዋት «ተቀብያለሁ» እያሉ መደጋገም እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አያደርስም። ጥያቄዬ ሦስት ነው። መቀበል ሲባል ምን መሥራት ነው? እጅ ከመስጠት በምን ይለያል? ደስታውስ ከየት ይመጣል? ተረትና ምሳሌው ይቅርና የሚሠራ ነገር ንገሩኝ።

ቀስ_በቀስ

«ተቀብያለሁ» ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑን?» ነው። አብዛኛው ሰው ሐቁንና በሐቁ ላይ ራሱ የፈረደውን ፍርድ አንድ ላይ ጠቅልሎ ሊውጥ ይሞክራል። አይዋጥም፤ ባይዋጥም አይገርምም።

አንድ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይክፈሉ። በግራ በኩል ሌላ ሰው አይቶ ወይም ሐኪም መርምሮ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ብቻ ይጻፉ። በቀኝ በኩል ሐሳብዎ የጨመረበትን። የጉልበቱ ልም አጥንት የተበላበት ሰው በግራ «የተበላው ተመልሶ አይተካም፤ ደረጃ ስወርድ ያመኛል» ብሎ ይጽፋል። በቀኝ ደግሞ «የሰው ሸክም ሆኜ ልቀር ነው፤ ያኔ በተጠነቀቅኩ ኖሮ፤ ለምን በእኔ» ይመጣል። የሚቀበሉት የግራውን ነው። የቀኙን አይተው ያልፉታል እንጂ አይፈርሙበትም። «መቼም»፣ «ሁሌ»፣ «ምንም»፣ «ቢሆን ኖሮ» የሚሉ ቃላት ግራው ላይ ከተገኙ ዐረፍተ ነገሩ ቦታውን ስቷልና ወደ ቀኝ ያዛውሩት።

ከእጅ መስጠት የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። ልም አጥንቱ እንደማይመለስ ያመነ ሰው ተአምር የሚሠራ መድኃኒት ፍለጋ መንከራተቱን ትቶ የጭን ጡንቻውን ማጠንከርና፣ ውፍረት ካለው፣ ክብደት መቀነስ ይጀምራል። ሁለቱም ሕመሙን ያቀልላሉ። እጁን የሰጠው ግን ጉልበቱን ማንቀሳቀስ ያቆማል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሕመሙም ይብስበታል። የሁለቱም ምርመራ ወረቀት አንድ ዓይነት ነው።

ሌላው ሥራ የሰውነት ነው። እምቢታ መንጋጋ፣ ትከሻና ሆድ ላይ ይቋጠራል። ቁጭ ብለው የጨበጡትን እጅ ይፍቱ፣ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፣ መንጋጋዎን ያላሉ፣ ከሚያስገቡት ይልቅ የሚያስወጡትን ትንፋሽ ያርዝሙ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሐዘኑ ወይም ንዴቱ ሲመጣ ደረት ላይ ነው ጉሮሮ ላይ፣ ይከብዳል ወይስ ይሞቃል የሚለውን ብቻ ያስተውሉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ በየደቂቃው «ቀለለኝ ወይ?» እያለ ይለካል። እንዲህ ከሆነ ስሜቱን በጨዋ ደንብ እያባረረው ነው፣ ማባረር ደግሞ አያዋጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሙከራ ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ግን ደወል እንዲመቱ ተነገራቸው። ደጋግመው መቱ። ቀጥሎ «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ገና ከመነሻው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ሰዎች ይልቅ አብዝተው አሰቡት።

የሌሊት_ተረኛ

@ቀስ_በቀስ ያለው ልክ ነው። ማታ አልጋ ላይ ለሚጀምረው ማብሰልሰል ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ለእሱ የሚሻለው ቀጠሮ መስጠት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ዘዴ ነው። በየቀኑ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ለጭንቀት ይመደባል። ቦታው አልጋ ወይም የሚዝናኑበት ወንበር አይሁን፣ ሰዓቱም ወደ መኝታ አይጠጋ።

በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ በሁለት ቃል ይመዝግቡት፤ «የምርመራ ውጤት»፣ «የቀረው ዕዳ» ዓይነት። ከዚያ እጅዎ ላይ ወዳለው ሥራ ይመለሱ። ቀጠሮው ሲደርስ ዝርዝሩን ያንብቡ። አንድ ነገር ሊደረግለት ለሚችለው የመጀመሪያውን እርምጃ ከነቀኑ ይጻፉ፤ «ሰኞ ጠዋት ስልክ መደወል» ያህል ይበቃል። ምንም ሊደረግለት የማይችለው ሐቅ ወደ ወረቀቱ ግራ ይገባል።

ዘዴው የሚበላሸው ቀጠሮው ሲዘለል ነው። ቀን «ቆይ፣ በኋላ» የተባለ ሐሳብ በኋላም ካልተሰማ ሌሊት ይመጣል። ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንም በሰዓቱ ቁጭ ይበሉ፤ የሚከነክን ከሌለ ቶሎ መነሳት ይቻላል።

ማለዳ_19

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የተባለው ግን ሥቃይን መቀነሻ ነው። ደስታውስ? ደግሞ «በአደጋ ሽባ የሆኑና ሎተሪ የወጣላቸው ሰዎች ውለው አድረው እኩል ደስተኞች ይሆናሉ» የሚል ጥናት አለ ሲባል እሰማለሁ። እውነት ከሆነ ዝም ብሎ መጠበቅ አይበቃም?

ልክና_መልክ

ጥናቱ አለ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሪክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ነው። የሚወራለትን ግን አይልም። 22 ሎተሪ የወጣላቸው፣ 29 በአደጋ ሽባ የሆኑና 22 ለማወዳደሪያ የተመረጡ ሰዎች ተጠየቁ። ሎተሪ የወጣላቸው ከማወዳደሪያዎቹ የጎላ ብልጫ አላሳዩም። አደጋ የደረሰባቸው ግን ከሁለቱም ያነሰ ነጥብ ነው የሰጡት፤ ያስገረመው ነጥባቸው ከመለኪያው መካከል በላይ መሆኑ ነው። የተጠየቁት አንዴ ብቻ ስለሆነ ማን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ጥናቱን ይዞ «ጊዜ ሁሉን ይሽራል» ማለት አይቻልም።

ወደ ደስታው ስንመጣ፣ መቀበል በራሱ ደስታ አይሰጥም። ከሐቁ ጋር ለሙግት ይወጣ የነበረውን ሰዓትና ትኩረት ይመልሳል። የተመለሰው ምን ላይ እንደሚውል ካልተወሰነ ያው ለማብሰልሰል ይውላል።

ስለዚህ «የቀረብኝ ነገር ምን ምን ይሰጠኝ ነበር?» ብለው ይዘርዝሩ። ሩጫ የቀረበት ሰው ያጣው ሩጫን ብቻ አይደለም፤ የባልንጀራ ጨዋታ፣ ደጅ መውጣት፣ በየሳምንቱ መሻሻሉን ማየትም አብረው ሄደዋል። ሦስቱን በአንድ ምትክ ለማግኘት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ለየብቻ ይፈለጉ። ጨዋታው ከዚያው ባልንጀራ ጋር ቁጭ ብሎ ይገኛል፣ መሻሻሉ ክራር በመማር ወይም በዋና ይገኛል። ከዚያ ቀንና ሰዓት ይቁረጡለት። ፍላጎት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ ፍላጎቱ የሚመጣው ከጀመሩ በኋላ ነው። መጠኑ በመጥፎ ቀን እንኳ የሚቻል ይሁን፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን አይናቅ። ከመጀመርዎ በፊትና ሲጨርሱ ስሜትዎን ከ0 እስከ 10 ይመዝግቡ። ከ3 ወደ 4 ከፍ ካለ ደህና ነው፤ ዘጠኝ የሚጠብቅ ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

ሕመም ላለበት ሰው አንድ ወጥመድ አለ። በተሻለው ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ሊጨርስ ይነሳና ቀጣዩን ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ይውላል። መለኪያው ሕመሙ ሳይሆን ሰዓቱ ይሁን። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይብስበት የቻለውን ደቂቃ አማካይ ይውሰድ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይጀምር፤ አማካዩ 20 ደቂቃ ከሆነ በ16። ቀኑ ቢከፋም ቢያምርም ያንኑ ይሥራ፣ ሲለምደው በጥቂቱ ይጨምር። በጥሩው ቀን 16ኛው ደቂቃ ላይ ማቆም ነው ከባዱ።

ድንበር

ባጭሩ ልጨምር። ዱላ፣ ዘለፋ፣ የተነጠቀ መብት፣ ሊታከም የሚችል በሽታ በወረቀቱ ግራ «ይህ እየሆነ ነው» ተብለው ይጻፋሉ፤ «ይሁን» አይባሉም። አንድ ነገር አይቀየርም ከመባሉ በፊት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ግምት ለማስረጃ አይበቃም።

ሐዘን ላይ ያለንም ሰው «ተቀበል» ብሎ ማጣደፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 የሐዘን ተመራማሪዎቹ ሽትሮበና ሽኹት እንዳብራሩት ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል ይመላለሳል፤ አንዴ ያለቅሳል፣ አንዴ የኑሮውን ጉዳይ ያሯሩጣል። ዛሬ ስቆ ነገ ቢያለቅስ ወደኋላ አልተመለሰም። ድብርቱ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ወይም የአዋቂ ሰው ሐዘን ዓመት አልፎም ሥራና ኑሮ ከከለከለው ወደ ባለሙያ ይሂድ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ዛሬውኑ፤ ብቻውንም አይሁን።

ማለዳ_19

የመጨረሻ ጥያቄ፤ ወረቀቱ በየቀኑ ነው የሚጻፈው?

ቀስ_በቀስ

የለም። በየቀኑ ከተጻፈ ራሱ ማብሰልሰያ ይሆናል። መጀመሪያ አንዴ ይጻፉት፣ ከዚያ ግራው ሲቀየር ብቻ ያድሱት፤ አዲስ የምርመራ ውጤት፣ አዲስ ሕክምና፣ አዲስ ውሳኔ ሲመጣ። ቀኙ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ እሱን እያሳደዱ መጻፍ አያስፈልግም።