መኪና ከብት ቢገጭ ማን ይክፈል?

የቡድኑ አወያይ፦ ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ መኪና ከብት ቢገጭ ኪሳራው የማን ነው? የሹፌሩ ወይስ የባለከብቱ? ተከራከሩ። ስድብ ክልክል ነው።

የአይሱዙ ሹፌር፦ የባለከብቱ ነው፤ ምኑ ያከራክራል? ማታ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስነዳ ከፊቴ የሚመጣው ረጅም መብራቱን ይለቅብኛል። ምንም አይታየኝም። ዳሩ ቦይ ነው። ጥቁር በሬ መሃል ላይ ቆሞ ባገኘው የት ልግባ? ጭነቴን ይዤ ልገልበጥ?

የገበሬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ካልታየህ ለምን አትቀንስም? በ80 ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። እግርህ ገና ፍሬን ላይ ሳያርፍ ማለት ነው። ለአንተ አንድ በሬ ነው። ለአባቴ ግን የዓመቱ እርሻ ነው፤ ጥንዱ ከሞተበት የቀረው ብቻውን አይጠመድም።

ሕግ ያጠናች፦ ሁለታችሁም የምትጠቅሱት ሕግ አላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል፤ እንስሳው አምልጦት ቢሆን እንኳ። በሬው ሞቶ መኪናውም ከተሰበረ ሁለቱም ይነሳሉ። ባለከብቱ ጥፋት ካለበት የበሬው ካሳ በዚያው ልክ ይቀነሳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ 2081 የሚለው የመኪናውን ባለቤት ነው። ተቀጥሮ የሚነዳ ሰው የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ነው።

የአይሱዙ ሹፌር፦ እህቴ፣ ይህን ለተሰበሰበው ሰው አንብቢለት! እዚያው ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ካልከፈልኩ መኪናው አይንቀሳቀስም። የመኪናው ጌታ ደግሞ ከደሞዜ ይቆርጠዋል። የተገጨች ላም መቼም ነገ የምትወልድ ናት!

የመንገድ መሐንዲስ፦ መንገዱንስ ማን ይጠይቀው? ብዙ ቦታ አስፋልቱ ግጦሹንና ወንዙን ለሁለት ከፍሎ ነው ያለፈው። ከብት ውኃ ለመጠጣት የግድ ይሻገራል፤ የሚነዳውም ትንሽ ልጅ ነው። መሻገሪያና ምልክት ሳይሠሩ ሁለት ድሃ ማጨቃጨቅ ምን ይባላል?

የገበሬ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነህ። እስኪሠራ ግን እንዲህ እንስማማ። ማታ ያለ ጠባቂ የተለቀቀ ከብት ከተገጨ ግማሹን እኛ እንቻል። በገበያ ቀን፣ ሰው መንገዱን ሞልቶት እያየ በ80 የሚመጣ ግን ሙሉውን ይክፈል።

የአይሱዙ ሹፌር፦ በገበያው ቀን ተስማምቻለሁ። የማታው ላይ ግን ግማሽ የሚባል ነገር አልቀበልም።