ልጄ ማንበብ ከብዶታል፤ የእረፍቱን ወራት እንዴት እናሳልፋቸው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ እኔ ከወዲሁ ጨንቆኛል። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ክፍልን እየጨረሰ ነው። ተረት አንዴ ከሰማ ሳይዛነፍ መልሶ ይነግራችኋል፤ የተሰበረ መጫወቻ ፈታቶ መግጠም ያውቅበታል። መጽሐፍ ሲከፈት ግን ሌላ ልጅ ነው። «ተ»ን «ቀ» ይላታል፤ ትናንት ያነበባትን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ ይታገላታል፤ ሁለት መስመር ሲጨርስ ግንባሩን ያልበዋል። የ7 ዓመት እህቱ በትከሻው በኩል አጮልቃ ቀድማው ታነባለች፤ እሱ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ይነሳል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ላስነብበውና፣ በደንብ ያነበበ ቀን ከሰዓት ለዋና ወይም ለሽርሽር አብረን እንወጣለን፤ እምቢ ካለ እህቱና አባቱ ብቻ ይሄዳሉ። ባለቤቴ «ተይው፣ ልጁ ይረፍበት» ይለኛል። ዝም ብለው ደግሞ የተማረው ሁሉ ይጠፋበታል ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የሦስት ወንዶች አባት

እህቴ፣ ያቺን ሁለት ሰዓት እኔም ሞክሬያታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ገና ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ውሸቱን አልነበረም፤ የእውነት ያመው ነበር። ወደ 15 ደቂቃ አወረድነው።

ያዳነን ግን ባልዲና የቀለም ብሩሽ ነው። ሰፋ ያለ ብሩሽ ውሃ ውስጥ እየነከረ ፊደሉን ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጽፋል፤ እየጻፈም ድምፁን ጮክ ብሎ ይጠራል። ፀሐይዋ ታደርቀዋለች። ቢሳሳት ስህተቱ እዚያው ይጠፋል፤ ቀይ እስክሪብቶ የለ፣ ስርዝ ድልዝ የለ። ደብተር ላይ ሦስት መስመር መጻፍ የሚያቅተው ልጅ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ «አባዬ፣ ውሃ ጨምርልኝ» ሲለኝ የምለው ጠፋኝ።

መልስ፦ የልዩ ፍላጎት መምህርት

መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ነው ወይም አይደለም ማለት ያለበት ግን ልጁን የመረመረው ባለሙያ ነው። በምርመራው ላይ ችግሩ ተገቢ እርዳታ እየተሰጠውም ቢያንስ 6 ወር መቆየቱ ይታያል። ስለዚህ እስካሁን ምን እንደሞከራችሁ ከነጊዜው ጽፈሽ ያዥ።

የነገርሽን ዓይነት ልጅ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር፤ ብሩህ ነው፣ ማንበብ ግን አልሆነለትም። አስተማሪው ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ እሱ ይሆን ነበር ብሎ መስክሮለታል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ላይ አይደለም፤ ቃሉን በድምፅ በድምፁ መነጠሉ ላይ ነው። ባለ ቀለም መነጽር ይፈታዋል የሚልሽ ሰው ቢመጣ ገንዘብሽን ያዥ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ድምፅ መነጠል ግን በመንገድ ላይ በጨዋታ ይለመዳል። «ሰላም» ያለ «ሰ»? ላም። «መስኮት» ያለ «መስ»? ኮት። «ወንበር» ያለ «ወን»? በር። ተራ በተራ ተጠያየቁ፤ ወረቀት ስለሌለበት ጨዋታው የእሱ ነው።

231ዱን ፊደል ባንዴ አታምጪበት። የሚመሳሰሉትን አራርቂያቸው፤ «ተ» እስክትጸና «ቀ» ትቆይ። መጽሐፍ ስትይዙ ጮክ ብላችሁ እኩል አንብቡ። ብቻዬን ልሂድ ሲል ጠረጴዛውን ኳ ያድርግ፣ አንቺም ዝም በይ። ሲሳሳት ቃሉን ንገሪው፣ ይድገመውና እለፉ። ቆመሽ አታስረጂው።

መልስ፦ ያኔ ልጅ የነበርኩ

አሁን 23 ዓመቴ ነው፤ ልጅዎ ያለበት ቦታ ነበርኩ። ስለ ሽርሽሩ ብቻ ልናገር። እኛ ቤት «ካነበብክ ትሄዳለህ» ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ለዋና ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ታናሽ ወንድሜ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ እጁን አውለበለበልኝ። ያን ቀን ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም። ፎጣው ሰማያዊ ነበር።

እባክዎ መውጣቱን ከንባቡ ጋር አያያይዙት። ስትወጡም የሚችለውን ሥራ ይስጡት፤ ድንኳን ይትከል፣ መንገድ ይምራ። በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍትንም ያሰሙት። እኔ ብዙ ቃል ያወቅሁት በጆሮዬ ነው።

መልስ፦ አክስት

እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት መጽሐፍ የሚባል ነገር አታውጡ እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከክፍሉ ኋላ የቆየ ልጅ ትንፋሽ ያሻዋል። የእህቴን ልጅ የሚከብዳት ሂሳብ ነው፤ ዳይስ እየወረወርን ቁጥር በተጻፈባቸው ሣጥኖች ላይ መቁጠር በጣም ረድቷታል። በጣቷ ስትቆጥር አንከለክላትም።

የጠያቂዋ መልስ

ፎጣውን ሳነብ አለቀስኩ። ዕቅዴን ትቼዋለሁ። የታናሽ እህቱን ነገርስ ምን ላድርግ? ዝም በይ ስላት ትከፋለች፤ እሷም ልጅ ናት።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ማንበብ በመቻሏ አትቆጫት። የእሱ 15 ደቂቃ ከአንቺ ጋር ብቻ ይሁን፤ በዚያው ሰዓት እሷም የራሷን 15 ደቂቃ ከአባቷ ጋር ታግኝ። ለሁለቱም እውነቱን አብረሽ ንገሪያቸው፤ ወንድምሽ ሰነፍ አይደለም፣ ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት ይከብደዋል፣ እየተለማመደ ነው በያት። እሱ ይህን ከአፍሽ መስማት አለበት።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆነ፤ ለሚቀጥለው ወር ከባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዘናል። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ አክስት ምክር መጽሐፍ አላወጣንም። ባለፈው ቅዳሜ በእግር ስንጓዝ መንገድ የመራው እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ አሳስቶን ራሱ መለሰን።

ትናንት ከሰዓት እኩል እያነበብን ጠረጴዛውን ኳ አደረገ። ዝም አልኩ። አራት መስመር ብቻውን ሄደ። አምስተኛው ላይ «ተ»ን «ቀ» አላት፤ ቃሉን ነገርኩት፣ ደገመና ቀጠለ። እህቱ ውጭ ከአባቷ ጋር ግድግዳው ላይ በውሃ ስሟን እየጻፈች ነበር።